አለቃ ገብረ ሐና፦ በጨዋታ የተሸፈነ ሊቅነት

የአለቃ ገብረ ሐና ስም በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚታወሰው ጨዋታቸው ነው። ይሁንና የጎንደር በአታ ለማርያም አለቃ የነበሩት እኚህ ሊቅ ለትውልድ ያወረሱት ትልቁ ቅርስ የአቋቋም ሥርዓት ነው።

አለቃ ገብረ ሐና በ1814 ዓ.ም በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ እንደተወለዱ ይነገራል። በትውልድ ስፍራቸው ንባብና ዳዊት ካጠናቀቁ በኋላ ወደ ጎጃም ተሻግረው ቅኔ ተምረዋል። ከዚያም ጎንደር ገብተው በዜማ፣ በአቋቋምና በፍትሐ ነገሥት ትምህርት በመበልጸግ ገና በወጣትነታቸው ለበአታ አለቅነት በቅተዋል።

በዚያ ዘመን የደብር አለቅነት ከባድ ኃላፊነት ነበር። አለቃው የማኅሌቱን ሥርዓት ይመራል፤ የካህናቱንና የደብተራዎቹን አገልግሎት ይቆጣጠራል፤ የደብሩን መሬትና ገቢ ያስተዳድራል፤ በአገልጋዮች መካከል ክርክር ሲነሣም ይዳኛል። በአታ የአቋቋም ምስክር ቤት በመሆኑ ከየአገሩ የሚመጡ ደቀ መዛሙርት የሚመረቁበት ታላቅ ጉባኤ ነበር።

የአለቃ ዘመን ግን ለጎንደር አድባራት የመከራ ጊዜ ሆነ። በ1847 ዓ.ም የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊታቸውን ለማጠናከር በቤተ ክርስቲያን ይዞታ ላይ ዓይናቸውን ጣሉ። በ1852 ዓ.ም ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት እንደሚበቁ በመወሰን ትርፍ ነው ያሉትን መሬት ወሰዱ። ቁጥሩ ቅዳሴ ለመቀደስ የሚበቃ ቢሆንም፣ ማኅሌት የሚቆሙትን ደብተራዎች ያለ መተዳደሪያ የሚያስቀር ነበር። በ1859 ዓ.ም ከተማዋ በንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ተዘርፋ ተቃጠለች፤ በ1880 ዓ.ም ደግሞ ድርቡሾች ዳግም አቃጠሏት።

አለቃ ገብረ ሐና ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ባለመስማማታቸው ወደ ጣና ገዳማት መሸሻቸው ይተረካል። በሐይቁ ዳርም የሞገዱን እንቅስቃሴና በነፋስ የሚወዛወዘውን ደንገል በመመልከት አዲስ የዝማሜ ስልት ማሰናዳታቸው ይነገርላቸዋል። መቋሚያውንና አካልን ግራና ቀኝ እያዘነበሉ የሚዘመምበት ይህ ስልት ጎንደር ሲደርስ ተቀባይነት አላገኘም። የከተማዋ ሊቃውንት ከአባቶች የተረከቡትን የቆየ አቋቋም ለመለወጥ አልፈቀዱም። የገዛ ጉባኤያቸው ያልተቀበለው ሥራ ከአለቃ ጋር አብሮ ሊቀር የሚችልበት ሁኔታ ተፈጥሮ ነበር።

ስልቱን ከመጥፋት ያዳኑት ልጃቸው አለቃ ተክሌ ናቸው። ከአባታቸው የተማሩትን ለደቀ መዛሙርት በማስተማራቸው ሥርዓቱ ደብረ ታቦርን ማዕከል አድርጎ ተስፋፋ።

አለቃ ገብረ ሐና በኋላም ወደ ሸዋ ወርደው በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ታውቀዋል። ዛሬ በየገበታው የሚነገሩት አብዛኞቹ ጨዋታዎች ከዚሁ የሸዋ ቆይታቸው ጋር የተያያዙ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በስማቸው የተለጠፉ የሌሎች ሰዎች ቀልዶችም አይጠፉም።

በአሁኑ ወቅት የአቋቋም ትምህርት የላይ ቤት፣ የታች ቤትና የተክሌ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። በአታ የቀደመውን ሥርዓት ጠብቃ ስትቀጥል፣ የቀድሞ አለቃዋ ያፈለቁት ስልት በልጃቸው ስም እየተጠራ በበርካታ አድባራት ይዘመማል። አባት የደከሙበት ሥራ በልጅ ስም ሲታወቅ፣ የአባት ስም በጨዋታቸው ሲነሣ ይኖራል።