ፍሬድ ዋይክና የአየር መንገድ፦ የሞተር ማቀዝቀዝ ጥያቄ ከላንግሊ የነፋስ ዋሻ እስከ ቤት ሠራሽ አውሮፕላን

በግለሰቦች እጅ የተሠሩ ትናንሽ አውሮፕላኖች በመጀመሪያዎቹ የሙከራ በረራዎች ከሚያጋጥሟቸው ችግሮች አንዱ የሞተር ከመጠን በላይ መሞቅ ነው። ችግሩ ሲከሠት ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው መፍትሔ የአየር መግቢያውን ማስፋት ነው። ይህ አመለካከት ተገቢ ቢመስልም በልኬት ሲፈተን ብዙ ጊዜ አጥጋቢ ሆኖ አይገኝም፤ ዋናው ጉዳይ የአየሩ መጠን ብቻ ሳይሆን የሚሄድበት መንገድ ነውና። ይህን በሙከራ ካረጋገጡት ቀደምት ተመራማሪዎች መካከል አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድ ዋይክ ይገኙበታል። ይህ አጭር ጽሑፍ የመሐንዲሱን የሕይወት ታሪክ ከዚህ ጥያቄ አንጻር ይቃኛል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርትና የሥራ ጅማሬ

ፍሬድ ዋይክ በ1899 በቺካጎ አካባቢ ተወለዱ። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የመካኒካል ምሕንድስና አጥንተው በ1922 ከተመረቁ በኋላ በአሜሪካ የአየር ፖስታ አገልግሎት በነዳፊነት ሥራ ጀመሩ። ከዚያም በባሕር ኃይሉ የበረራ ቢሮ ተቀጥረው የፕሮፔለር ንድፍ ላይ ሠሩ። በ1925 በቨርጂንያ ግዛት ወደሚገኘው የላንግሊ የምርምር ማእከል ተዛወሩ። ማእከሉ በአጭር መጠሪያው ናካ ተብሎ በሚታወቀው ብሔራዊ የበረራ ጥናት አማካሪ ኮሚቴ ሥር ይተዳደር ነበር።

በላንግሊ የተሰጣቸው ኃላፊነት የፕሮፔለር መመርመሪያ የነፋስ ዋሻውን ሥራ መምራት ነበር። በ1927 ሥራ የጀመረው ይህ ዋሻ የአየር መተላለፊያው ስፋት 20 ጫማ፣ ማለትም 6 ሜትር ያህል ነበር። ኃይሉንም ያገኝ የነበረው ለባሕር ሰርጓጅ መርከብ ከተሠሩ፣ እያንዳንዳቸው 1,000 የፈረስ ጉልበት ካላቸው ሁለት የዲዝል ሞተሮች ነው። ከዋሻው ስፋት የተነሣ ትንንሽ ሞዴሎችን ብቻ ሳይሆን፣ እውነተኛ ሞተርና ፕሮፔለር የተገጠመለትን የአውሮፕላን አካል መመርመር ተቻለ። የማቀዝቀዝን ጥያቄ ለማጥናት ይህ ወሳኝ ነበር፤ የሚሠራ ሞተር የሚያመነጨውን ሙቀት በትንሽ ሞዴል ማወቅ አይቻልምና።

የተቃርኖው ባሕርይ

በ1920ዎቹ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሲሊንደሮቻቸው በክብ የተደረደሩ፣ በአየር የሚቀዘቅዙ ሞተሮችን ይመርጥ ነበር። እነዚህ ሞተሮች ራዲያተርና የውሃ ቧንቧ አያስፈልጋቸውም፤ ለጥገናም የቀለሉ ናቸው። ይሁን እንጂ ሲሊንደሮቹ አየር እንዲያገኙ ተብሎ ከአውሮፕላኑ አካል ወጣ ብለው ስለሚቀመጡ ከፍተኛ የአየር ጎታች ኃይል ይፈጥራሉ። ቢሸፈኑ ሞተሩ ይግላል፤ ባይሸፈኑ አውሮፕላኑ ፍጥነት ያጣል የሚል ተቃርኖ ተፈጠረ። በመሆኑም ባሕር ኃይሉና የአውሮፕላን አምራቾች ናካ ጉዳዩን እንዲያጠናው ጠየቁ።

ዋይክና ባልደረቦቻቸው በራይት ኩባንያ ዊርልዊንድ ሞተር ላይ አሥር ዓይነት ሽፋኖችን አዘጋጅተው በተከታታይ ፈተሹ። አንዳንዶቹ ሽፋኖች የሞተሩን ጥቂት ክፍል ብቻ የሚሸፍኑ ሲሆኑ፣ አሥረኛው ግን ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ይሸፍን ነበር። ይህ አሥረኛው ሽፋን በመጀመሪያው ሙከራ ሞተሩን በበቂ ሁኔታ አላቀዘቀዘውም። ነገር ግን አየሩን ወደ ሞቃቶቹ ክፍሎች የሚመሩ ቆርቆሮዎች ተጨምረውና መውጫው ተስተካክሎ እንደገና ሲፈተሽ፣ ሞተሩ በሚገባ ቀዘቀዘ፤ የአየር ጎታች ኃይሉም በእጅጉ ቀነሰ።

የአሠራሩ ምክንያት የሚከተለው ነው። ያልተሸፈነ ሲሊንደር ፊቱ ነፋስ ቢያገኝም፣ አየሩ ከጎኑ ተገንጥሎ ስለሚናወጥ ጀርባው በቂ አየር አያገኝም። ከዚህም በላይ ይህ መናወጥ ራሱ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትታል። በሽፋኑ ውስጥ ግን የገባው አየር ፍጥነቱ ቀንሶ ግፊቱ ይጨምራል፤ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ በተደረደሩት ስስ የብረት ቅጠሎች መካከል እንዲያልፍ ይገደዳል፤ ሙቀቱን ይዞም በኋላ በኩል ባለው ጠባብ ቀለበታዊ ክፍተት ፍጥነቱን አድሶ ይወጣል። ስለዚህ ያነሰ አየር የተሻለ ሥራ ይሠራል።

የጥናቱ ውጤት በኅዳር 1928 ይፋ ሆነ። ሽፋኑ ከርቲስ በተባለው ኩባንያ የልምምድ አውሮፕላን ላይ ሲገጠም፣ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት ከ118 ወደ 137 ማይል፣ ማለትም ከ190 ወደ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ አለ። ናካም ለዚህ ሥራ የ1929 የኮሊየር ሽልማትን አገኘ። ሽልማቱ የተሰጠው ለተቋሙ እንጂ ለዋይክ በግል አልነበረም።

የግኝቱ ወሰን

ሽፋኑ በሁሉም አውሮፕላኖች ላይ እኩል ጥቅም አልሰጠም። በሦስት ሞተር ባለው የፎከር አውሮፕላን ላይ ሲሞከር የተገኘው የፍጥነት ጭማሪ ከተጠበቀው በታች ሆነ። ቀጥሎ የተደረገው ምርምር እንዳሳየው ሞተሩ ከክንፉ አንጻር የሚቀመጥበት ቦታ ራሱ ከሽፋኑ ጋር ተያይዞ መጠናት ነበረበት። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሽፋንን ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው እንዳለ መገልበጥ እንደማያዋጣ ነው።

ከተቋም ወደ ግል ሥራ

ዋይክ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር በትርፍ ጊዜያቸውና በገዛ ገንዘባቸው ደብልዩ-1 የተባለችውን ትንሽ አውሮፕላን ሠሩ። ዓላማቸው ልምድ የሌለው ሰው ጭምር በቀላሉ የሚያበራትና የሚያሳርፋት አውሮፕላን ማግኘት ነበር። በ1936 ኤርኮ ወደተባለው ኩባንያ ተዛውረው ያንን ሐሳብ በኤርኩፕ አውሮፕላን አሳደጉት፤ ኤርኩፕ በ1937 በረረች፤ ከ5,000 በላይም ተመረተች። በኋላም በቴክሳስ የእርሻ አውሮፕላን ንድፍ ላይ ሠርተው፣ በ1957 ፓይፐር ኩባንያን ተቀላቀሉ፤ በቼሮኪ አውሮፕላን ንድፍም ተሳተፉ። ያረፉት በ1993 ነው።

ለዛሬ ሠሪዎች ያለው ፋይዳ

ዛሬ በቤት የሚሠሩ ብዙ አውሮፕላኖች ሲሊንደሮቻቸው በግራና በቀኝ የተጋደሙ ሞተሮችን ይጠቀማሉ። በተለመደው አደረጃጀት አየሩ ከፊት ገብቶ ከሲሊንደሮቹ በላይ ግፊት ይፈጥራል፤ በብረት ቅጠሎቹ መካከል ወደ ታች አልፎም ከሥር ይወጣል። የሞተሩ ቅርጽ ከዊርልዊንድ ቢለይም መርሑ አንድ ነው፤ ማቀዝቀዝ የሚወሰነው በላይኛውና በታችኛው ክፍል የግፊት ልዩነት ነው። በአየር መሪ ቆርቆሮዎቹና በሽፋኑ መካከል ክፍተት ካለ አየሩ ሲሊንደሮቹን ሳይነካ ያመልጣል። መውጫው ከጠበበም የታችኛው ግፊት ከፍ ይልና ፍሰቱ ይዳከማል። በእነዚህ ሁኔታዎች መግቢያውን ማስፋት የአየር ጎታች ኃይሉን ይጨምራል እንጂ የችግሩን ምንጭ አያስወግድም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ሙቀትና የሁለቱን ክፍሎች ግፊት ለይቶ መለካት፣ ቀጥሎም ቀዳዳዎቹን መድፈን፣ በመጨረሻም መውጫውን ማስተካከል ተገቢ ቅደም ተከተል ይሆናል። አሥረኛው ሽፋን በመጀመሪያው ሙከራ ሲያግል ያልተጣለው፣ የጎደለው የአየር ብዛት ሳይሆን የአየሩ አመራር መሆኑ በልኬት ስለተለየ ነው።