ካፓና ካሜራዎቹ

ስለ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ መነሣታችንን ሲሰሙ የሚስቁብን ጓደኞች አይጠፉም። ስንት ነገሥታትና ስንት ፈላስፎች ሞልተው ሳለ ቁልፍ ሲጫን ለኖረ ሰው ወረቀትና ቀለም ማባከን ምን ይባላል ይሉን ይሆናል። ነገር ግን የሃያኛው መቶ ዓመት ጦርነቶች በዐይነ ሕሊናችን ሲመጡ የሚታዩን፣ ሳናውቀው፣ በብዙው ይህ ሰው ባነሣቸው ሥዕሎች አማካይነት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንደ ጻፍን አንባቢ ይወቅልን።

ሮበርት ካፓ የተባለው ኋላ ነው። የልጅነት ስሙ ኤንድሬ ፍሪድማን ሲሆን በ1913 በሀንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ከአይሁድ ወላጆች ተወለደ፤ ቤተ ሰቡም በልብስ ስፌት ይተዳደር ነበር። የ17 ዓመት ልጅ ሳለ ከግራ ወገን ፖለቲከኞች ጋር ተገናኝቷል ተብሎ ታሰረ፤ ሲፈታም አገሩን ለቆ መሄድ ግድ ሆነበት። በ1931 በርሊን ገብቶ የጋዜጠኝነት ትምህርት ጀመረ። እንደ ማናችንም ተማሪ ከቤት የሚላክለትን ገንዘብ እየጠበቀ ይኖር ነበር፤ የዓለም የኢኮኖሚ ውድቀት የወላጆቹን ሥራ ሲያደቀው ግን የሚላከው ቀረ። ስለዚህ ዴፎት በሚባል የፎቶግራፍ ወኪል ቤት በተላላኪነትና በጨለማ ክፍል ረዳትነት ተቀጠረ። ወደ ሙያው የነዳው ፍቅር ሳይሆን ረኃብ ነው ብንል አንሳሳትም።

እዚህ ላይ ስለ መሣሪያው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ የሚሸከመው ትልቅ ሣጥን ነበር፤ ለአንድ ሥዕል አንድ መስተዋት ወይም አንድ ቅጠል ፊልም ይገባበታል፤ ከዚያ እንደገና መለወጥ ነው። በ1925 ግን ኦስካር ባርናክ የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ያወጣት ሌይካ በላይፕሲግ ትርኢት ላይ ለገበያ ቀረበች። ይህች ትንሽ ካሜራ የምትጎርሰው ለሲኒማ የተሠራውን የ35 ሚሊሜትር ፊልም ሲሆን፣ ሳይለወጥ 36 ሥዕል ታነሣለች፤ ከኮት ኪስም ትገባለች። የፍሪድማን ዕድል የተከፈተው በዚህች ትንሽነቷ ነው። በ1932 ኅዳር ወር ትሮትስኪ በኮፐንሃገን ለተማሪዎች ንግግር ሲያደርግ ባለ ትልልቅ ሣጥኖቹ ሲከለከሉ፣ የ19 ዓመቱ ረዳት ሌይካውን ይዞ ሾልኮ እንደ ገባ ይነገራል። ወደ መድረኩ ተጠግቶ ያነሣቸው ሥዕሎች በርሊን ላይ ታተሙ።

ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ በቪየና በኩል ዞሮ ፓሪስ ገባ። የፓሪስ ኑሮው ያሳዝናልም ያስቃልም። ያች ሌይካ ዕቃ አስይዘው ከሚያበድሩ ሰዎች ቤት ተመላላሽ ሆና ነበር፤ እንጀራ ሲጠፋ ትያዛለች፣ ሥራ ሲገኝ ትወጣለች። ካሜራ ከሌለ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ካሜራውን ማስለቀቂያ የለም። መጽሐፉን ሸጦ ለፈተና መጽሐፍ የሚዋስ ተማሪ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም።

በ1934 ከጀርመን ከተሰደደች ገርዳ ፖሆሪለ ከምትባል ወጣት ጋር ተዋወቀ። ብልኋ እርሷ ነበረች። በ1936 ሁለቱ ተመካክረው ሮበርት ካፓ የሚባል ሀብታምና ዝነኛ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ፈጠሩ፤ ሰውየው ስለማይገኝ ኤንድሬ ረዳቱ፣ ገርዳ ሻጩ ሆኑ፤ ዋጋውንም ከፍ አደረጉት። የሌለው ሰው ሥዕሎች እየተሸጡ ሄዱ። ተንኰሉ ሲታወቅ ስሙን ለራሱ ወሰደው፤ እርሷም ገርዳ ታሮ ተባለች። ውሸት ነው ብሎ የሚቆጣ ይቆጣ፤ እኛ ግን በስደተኛ ስም ሥራቸው በርካሽ ይገዛ ለነበሩ ሁለት ወጣቶች ብዙ አልፈረድንባቸውም።

በዚያው ዓመት የእስፓኝ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣና ሁለቱም ለሪፐብሊኩ ወገን ዘመቱ። እርሱ ሌይካውን፣ እርሷ መጀመሪያ ላይ አራት ማዕዘን ሥዕል የሚያወጣ ካሜራ ይዘው ነበር። በመስከረም ወር ካፓ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ወታደር በጥይት ተመትቶ ወደ ኋላ ሲወድቅ የሚያሳየውን ሥዕል አነሣ፤ ዓለም ያወቀውም በዚህ ነው። ክርክሩም እስከ ዛሬ አልበረደም። ሥዕሉ በሴሮ ሙሪያኖ እንደ ተነሣ ሲነገር ኖሮ፣ በ2009 አንድ የእስፓኝ መምህር የተራሮቹን ቅርጽ አስተያይተው ቦታው 50 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ኤስፔሆ ነው አሉ፤ በዚያ ቀን ደግሞ ኤስፔሆ ላይ ውጊያ አልነበረም የሚሉ አሉ። እንግዲህ ወታደሩ ሞቶ ነው ወይስ ለካሜራ ወድቆ? ይህን ጥያቄ በካፓ ፍቅር ማለፍ አይገባንም፤ ለሞት ምስክር ነኝ የሚል ሰው ምስክርነቱ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ የቀሩትን ሥዕሎቹንም ያስጠረጥራልና።

በ1937 ሐምሌ ወር ብሩኔቴ አጠገብ፣ ሠራዊቱ ሲያፈገፍግ ገርዳ በታንክ ተገጭታ በማግሥቱ አረፈች። 27 ዓመት አልሞላትም። ካፓ ፓሪስ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ቻይና ከጃፓን ጋር የምታደርገውን ጦርነት ሊያነሣ ሄደ፤ ሲመለስም አንድ የእንግሊዝ መጽሔት የዓለም ታላቁ የጦርነት ፎቶግራፍ አንሺ ብሎ ሰየመው። ዕድሜው 25 ነበር።

በዚህ መካከል ኮንታክስ ወደሚባለው ካሜራ ዞሯል። የዚያን ጊዜዋ ሌይካ ርቀት የሚስተካከልበትና ሥዕሉ የሚታይበት መስኮት ለየብቻ ነበሩ፤ በ1936 የወጣው ሁለተኛው ኮንታክስ ግን ሁለቱን አንድ አደረጋቸው። ጥይት በሚጮኽበት ቦታ ዐይንን ከመስኮት ወደ መስኮት ማዛወር አለመኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ሌይካ ራሷ ይህንን ያደረገችው በ1954 ነው፤ ያም ዓመት፣ እንደምናየው፣ ለካፓ ሌላ ነገር ይዞ መጣ።

ሰኔ 6 ቀን 1944 ከአሜሪካ ወታደሮች ጋር በኖርማንዲ ኦማሃ በተባለው ዳርቻ ሲወርድ የያዘው ሁለት ኮንታክስና አንድ ሮላይፍሌክስ ነበር። የኮንታክስ ጀርባ ተነቅሎ የሚወጣ ነው፤ በረጠበና በሚንቀጠቀጥ እጅ ፊልም መለወጥ እንዳቃተው ራሱ በኋላ ጽፏል። ፊልሞቹ ለንደን ሲደርሱ የጨለማ ክፍል ሠራተኛ ሙቀት አብዝቶ አቀለጣቸው፣ የተረፉት አሥር ያህል ብቻ ናቸው ሲባል 70 ዓመት ተኖረ። ከ2014 ወዲህ ግን ተመራማሪዎች ፊልም እንዲህ አይቀልጥም፣ ምናልባትም ካፓ ከዚያ በላይ አላነሣም ማለት ጀመሩ። እኛ ወደዚህኛው እናዘነብላለን፤ ይሁን እንጂ አይቀንሰውም። ጥቂት ደቂቃም ቢሆን መሣሪያ ሳይይዝ፣ ጀርባውን ለጠላት አዙሮ የወታደሮቹን ፊት ያነሣ ሰው ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የሠራው ትልቅ ሥራ በካሜራ አልነበረም። በ1947 ከካርቲዬ ብሬሶን፣ ከዴቪድ ሲሞርና ከጆርጅ ሮጀር ጋር ማግነም የተባለውን ማኅበር አቋቋመ። ከዚያ በፊት መጽሔቱ ከፋይ ስለሆነ ነጋቲቩም የእርሱ ይሆን ነበር፤ በማግነም ግን ባለ መብቱ ያነሣው ሰው ሆነ። ካሜራውን ሲያሲዝ ለኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም።

በ1954 የጃፓን አሳታሚዎች ጋብዘውት ቶኪዮ ሳለ፣ ላይፍ መጽሔት ለአንድ ወር ያህል ወደ ኢንዶቺን እንዲሄድለት ጠየቀው። ጦርነት በቅቶት ነበር፤ ገንዘብ ግን ያስፈልገው ነበርና ሄደ። ግንቦት 25 ቀን ከፈረንሳይ ሠራዊት ጋር ወደ ታይ ቢን ሲጓዙ መንገዱ ተዘጋ። ካፓ በኮንታክስ ጥቁርና ነጭ፣ በጃፓኑ ኒኮን ደግሞ ባለ ቀለም ፊልም ይዞ፣ በሣር ውስጥ የሚራመዱትን ወታደሮች ከኋላቸው ለማንሣት ከመንገዱ ወጣ፤ ፈንጂም ረገጠ። ሲያገኙት ኮንታክሱ በእጁ ነበር። 40 ዓመቱ ነበር።

ከሞተ ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ ከፓሪስ ጠፍተው በሜክሲኮ የተገኙ ሦስት ሣጥኖች ኒውዮርክ ደረሱ። በውስጣቸው ካፓ፣ ገርዳና ሲሞር በእስፓኝ ያነሡዋቸው 4,500 ያህል ነጋቲቮች ነበሩ። ብዙ ሰው የወደቀውን ወታደር ነጋቲቭ ፈልጎ ነበር። አልተገኘም።