ጆን ሎውና ልጓሙን የበጠሰው የወረቀት ገንዘብ

የባንክ ብድር ምርትን የማነቃቃት ኃይልም፣ ሕዝብን የማራቆት አደጋም አለው። ይህን ሁለት ገጽታ የጆን ሎው ሕይወት በግልጽ ያሳያል።

ሎው እ.ኤ.አ. በ1671 በስኮትላንድ፣ በኤድንበርግ ከተማ ከአንድ ባለጸጋ ወርቅ አንጥረኛ ተወለደ። በ1694 ለንደን ውስጥ በጎራዴ ፍልሚያ ሰው ገድሎ ሞት ተፈረደበት፤ ሆኖም ከወህኒ አምልጦ ባሕር ተሻገረ። በ1705 ባሳተመው መጽሐፍ የንግድ መዳከም ምንጩ የገንዘብ እጥረት፣ መድኃኒቱም የወረቀት ገንዘብ መሆኑን ተከራከረ።

ሐሳቡን የተቀበለችው በሉዊ 14ኛ ጦርነቶች ዕዳ የተዘፈቀችው ፈረንሳይ ናት። ሎው በ1716 ፓሪስ ላይ ባንክ አቋቋመ። ኖቶቹ በተጠየቁ ጊዜ በወርቅና በብር ይመነዘሩ ስለነበር ታመኑ። ባለኖቶች ሁሉ በአንድ ቀን ስለማይመጡም ባንኩ በካዝናው ካለው በላይ ለማበደር ቻለ።

ወሰኑ ግን የት ነው? በዛሬ ስሌት እንመልከተው። ባንኮች ከተቀማጭ አንድ አሥረኛውን በመጠባበቂያነት እንዲይዙ ቢገደዱ፣ ከ100 ብር 90ው ይበደራል፤ ይኸው ተመልሶ ባንክ ሲገባ 81ዱ ይበደራል። እንዲህ ሲቀጥል የመጀመሪያው 100 ብር ቢበዛ 1,000 ብር ተቀማጭ ይሆናል። መጠባበቂያው አንድ አምስተኛ ከሆነ ጣሪያው ወደ 500 ይወርዳል። እንግዲህ መጠባበቂያ የብድር ልጓም ነው።

በሎው ዘመን እንዲህ ያለ የሕግ ልጓም አልነበረም፤ የነበረው ኖትን በወርቅና በብር የመመንዘር ግዴታ ነበር። ባንኩ በ1718 የንጉሡ ከሆነ በኋላ ይህም ተበጠሰ። ኖት የሚታተመው የሚሲሲፒ ኩባንያን አክሲዮን ለማናር ሆነ፤ የ500 ሊቭር አክሲዮን በ1719 መጨረሻ ወደ 10,000 ተጠጋ። አንዳንድ መሳፍንት ቀድመው ኖታቸውን በወርቅ መነዘሩ። በ1720 የካቲት ከ500 ሊቭር በላይ ወርቅና ብር መያዝ ተከለከለ። በግንቦት የኖቱ ዋጋ በግማሽ እንዲወርድ ታወጀ፤ በቁጣ ምክንያት አዋጁ ወዲያው ቢሻርም እምነት አልተመለሰም። በሐምሌ ኖታቸውን ለመመንዘር ባንኩ በር ላይ ከተጋፉት መካከል ሰዎች ተረጋግጠው ሞቱ። ሎው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከፈረንሳይ ሸሸ፤ በ1729 በቬኒስ ሞተ።

ካርል ማርክስ በ«ካፒታል» ሦስተኛ ቅጽ ብድር ምርትን እንደሚያፋጥን፣ ቀውስንም እንደሚያባብስ ሲተነትን የሎውን ስም አንሥቷል። ልጓሙ መልኩን ሊለውጥ ይችላል፤ አሜሪካ በ2020 የመጠባበቂያ ግዴታን ወደ ዜሮ አውርዳ ባንኮቿን በካፒታል መመዘኛና በወለድ መቆጣጠርን መርጣለች። ነገር ግን ልጓም ሲላላ ትርፉን ቀድሞ የሚያፍሰው ባለጸጋው፣ ዋጋ ያጣ ወረቀት ታቅፎ የሚቀረው ሠርቶ አደሩ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ልጓሙ በማን እጅ፣ ለማንስ ጥቅም እንደሚያዝ ነው።