ማርቲን ሉተርና የዊተንበርጉ ቅርጽ

ማርቲን ሉተር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የ95ቱ አንቀጾችና የተሐድሶው ነገር ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ግን የሕይወት ታሪኩን ከአንድ የድንጋይ ቅርጽ ጋር አያይዘን እናያለን (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ሉተር በ1483 አይስሌበን በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደ። በ1505 ኤርፈርት ገዳም ገባ፤ በ1512 ዊተንበርግ ውስጥ በነገረ መለኮት ዶክተር ሆነ። ይሰብክበት በነበረው የከተማዋ ቤተ ክርስቲያን የውጭ ግድግዳ ላይ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተሠራ ቅርጽ አለ። አይሁዳውያን የአሳማ ጡት ሲጠቡ፣ አንድ ረቢ ደግሞ ጭራዋን አንስቶ ሲመለከት ያሳያል። አሳማ በአይሁድ ሕግ ርኩስ ስለሆነ ስድቡ የታሰበበት ነው። በኮሎኝና በሬገንስበርግ ካቴድራሎችም ተመሳሳይ ቅርጽ ይገኛል። አብዛኛው ሕዝብ ማንበብ በማይችልበት ዘመን ግድግዳው ራሱ አስተማሪ ነበር። ሊያስቀድስ የሄደ ሰው ንቀትንም አብሮ ተምሮ ይመለሳል ማለት ነው።

ሉተር መጀመሪያ ላይ የተለየ ይመስል ነበር። በ1523 ባሳተመው ጽሑፍ ኢየሱስ አይሁዳዊ ሆኖ መወለዱን አስታውሶ፣ ክርስቲያኖች አይሁድን በደግነት እንዲይዙ መከረ። ያው ወደ ክርስትና ይመጣሉ ብሎ ተስፋ አድርጎ ነው። በ1534 ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሲመጣ ተቀብሎ አነጋግሮታል፤ ሌሎችም በክርስቲያናዊ ፍቅር እንዲቀበሉት ደብዳቤ ጽፎለታል። ታዲያ በ1536 የሳክሶኒ ገዥ አይሁድን ከግዛቱ እንዲወጡ ሲያዝ፣ ተወካያቸው የሮስሃይሙ ዮሰል በ1537 እንዲያማልዳቸው ሉተርን ቢለምነው እምቢ አለው።

በ1543 የባሰው መጣ። ምኩራቦች እንዲቃጠሉ፣ ቤቶች እንዲፈርሱ፣ መጻሕፍት እንዲወሰዱ የሚመክር መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት ባወጣው ሌላ መጽሐፍ ያንኑ የግድግዳ ቅርጽ እየጠቀሰ በአይሁድ ተሳለቀ። በ1546 እዚያው በተወለደባት ከተማ አረፈ። በ1570 ከሁለተኛው መጽሐፍ ርዕስ የተወሰዱ ቃላት ከቅርጹ በላይ ተጻፉ። ከ400 ዓመት ገደማ በኋላም ናዚዎች ጽሑፎቹን ለፕሮፓጋንዳ ተጠቀሙባቸው።

በ1988 ከቅርጹ ሥር የመታሰቢያ ሰሌዳ ተቀምጧል፤ በ2022 ደግሞ የጀርመን ፌዴራል ፍርድ ቤት ቅርጹ ባለበት መቆየት እንደሚችል ወስኗል።

እንግዲህ የጳጳሱን ሥልጣን ሳይፈራ የጠየቀ ሰው፣ ደጁ ላይ ያለውን ስድብ ሳይጠይቅ ቀረ። እኛም ሥነ ጽሑፍና ታሪክ የምናጠና ተማሪዎች፣ ለምደነው የማናየው ምን እንዳለ ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ነው።