እግሩ የተረፈለት ልጅ

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች ገጽ ስለ ካናዳዊው ቶሚ ዳግላስ አቀርብላችኋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቶሚ የተወለደው በ1904 ስኮትላንድ ውስጥ ነው። አባቱ ብረት ማቅለጫ ቤት ይሠራ ነበር። ልጅ እያለ ወድቆ ጉልበቱን ድንጋይ መታው፤ ቁስሉ አመርቅዞ አጥንቱ ውስጥ ገባ። በ1910 ቤተሰቡ ካናዳ፣ ዊኒፔግ ከተማ ሲገባ ሕመሙም አብሮ ሄደ። እዚያ እግሩ ይቆረጥ ተባለ። ወላጆቹ ለአጥንት ሐኪም የሚከፍሉት ገንዘብ አልነበራቸውም። እንደ ዕድል ሆኖ አንድ የታወቀ የአጥንት ሐኪም ተማሪዎቹን የሚያስተምርበት በሽተኛ ይፈልግ ነበርና ቶሚን አየው። ወላጆቹ ተማሪዎቹ ቆመው እንዲያዩ ስለፈቀዱ በነጻ አከመው። እግሩ ዳነች። እስቲ አስቡት፣ ሐኪሙ በዚያ ቀን ሌላ ልጅ ቢመርጥስ?

በዚያችው እግሩ ቆሞ ቦክሰኛ ሆነላችሁ! በ1922 የማኒቶባ ክፍለ ሀገር የቀላል ክብደት ሻምፒዮን ነበር። አፍንጫው ተሰብሯል፣ ጥርሱም ወልቋል፣ ግን አሸነፈ።

ከዚያ ተምሮ ፓስተር ሆነ። (ከዚህ በኋላ አንቱ ልበላቸው።) ያገለገሉት ሳስካችዋን በሚባል ስንዴ አብቃይ ክፍለ ሀገር ነው። ጊዜው 1930ዎቹ፣ ድርቅ ነበር፤ ገበሬው ለሐኪም የሚከፍለው አጣ። ሕክምና ሳያገኙ የሞቱ ወጣቶችን ራሳቸው ቀብረዋል። ጸሎት ብቻውን አልበቃቸውም መሰለኝ፣ ፖለቲካ ውስጥ ገቡ።

በ1944 የክፍለ ሀገሩ መሪ ሆኑ። ከ1947 ጀምሮ አንድ ሰው በዓመት 5 ዶላር ከፍሎ ሆስፒታል ተኝቶ መታከም ቻለ። እኛ አገር የማኅበረሰብ ጤና መድን እንደሚባለው ዓይነት ነው። ሐኪም ዘንድ ሄዶ መታየት ግን ገና በገንዘብ ነበር። የእሱ ሕግ የወጣው በ1961 ነው፤ ሥራ የጀመረውም ሐምሌ 1 ቀን 1962። በዚያው ቀን ሐኪሞች ሥራ አቆሙ! 23 ቀን! መንግሥት ከእንግሊዝ አገር ሐኪሞች አስመጣ። እኔ ሐኪሞቹ ክፉ ነበሩ አልልም፤ መንግሥት በሥራችን ሊያዝዝብን ነው ብለው ፈርተው ነው። ግን የታመመ ልጅ የያዘች እናት ያን 23 ቀን እንዴት አሳለፈችው? በመጨረሻ ተስማሙ፣ ሕጉም ጸና።

ዳግላስ ግን ያኔ መሪነቱን ለሌላ ሰው አስረክበው ወደ አገር አቀፍ ፖለቲካ ሄደው ነበር። በሰኔ 1962 ምርጫም እዚያው ሳስካችዋን፣ ሬጂና ከተማ ላይ ተሸነፉ። ይሄ በጣም አናደደኝ።

በ1966 ለመላው ካናዳ ሕግ ወጣ፤ እስከ 1972 ሁሉም ክፍለ ሀገሮች ተቀበሉት። ዳግላስ በ1986 በካንሰር አረፉ፤ ዕድሜያቸው 81 ነበር። በ2004 የካናዳ ቴሌቪዥን ሕዝቡን ታላቁን ካናዳዊ ምረጡ ሲል አንደኛ የወጡት እሳቸው ናቸው። ያ ሁሉ ሰው የሚያብድለት የሆኪ ተጫዋች ዌይን ግሬትዝኪ እንኳ 10ኛ ነው የወጣው።