ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስና የጾማችን ታናናሽ ፈተና

በቢሾፍቱ ሆኖ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሁሉ የዝቋላ ተራራ ይታየዋል። ከፍታው ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋው ይህ ተራራ በራሱ ላይ ባሕር ይዟል፤ ጻድቁ አባታችን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የተጋደሉበት ቦታ ስለ ሆነም መጋቢት 5 እና ጥቅምት 5 ቀን ብዙ ሕዝብ ይወጣበታል። ደብራችን ኢዮቤልዩውን ሲያከብር የጎረቤታችንን የኒህን አባት ሕይወት ማሰብ ይገባዋል።

ገድላቸው እንደሚተርከው የተወለዱት በግብፅ በንሂሳ አገር፥ ታኅሣሥ 29 ቀን ነው፤ አባታቸው ስምዖን፥ እናታቸው አቅሌስያ ይባላሉ። በሕፃንነታቸው ወደ ገዳም ገብተው አደጉ፤ ኋላም በረሃ ወረዱ። ከ562 ዓመት ዕድሜያቸው 300ውን በግብፅ፥ 262ቱን በኢትዮጵያ ፈጸሙ። እህል አልቀመሱም፤ ልብሳቸውም የገላቸው ጠጉር ነበረ፤ 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ይከተሏቸው ነበር። ዝቋላም በደረሱ ጊዜ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ምሕረት ለመለመን ወደ ባሕሩ ገብተው፥ በራሳቸው ተተክለው 100 ዓመት ጸለዩ።

አንበሳና ነብር የታዘዙላቸውን አባት ሰይጣን በቁራ ተመስሎ መጣባቸው፤ ዓይናቸውንም አጠፋ፥ መላእክትም ፈወሷቸው። ዳግመኛም ወደ ሰማይ አንጋጠው ቆመው ሳሉ በውሃ ጥም የተጨነቀች ወፍ መጣች፤ ከዚያው ዓይን እንባቸውን ትጠጣ ዘንድ ፈቀዱላት። ሠዓሊዎች እስከ ዛሬ ድረስ ወፏን ከዓይናቸው አጠገብ ይሥሏታል።

ዐቢይ ጾም ቢፈጥን የካቲት 1፥ ቢዘገይ መጋቢት 5 ቀን ይገባልና የጻድቁ የዕረፍት በዓል ምንጊዜም ከጾም አይወጣም። በዚያች ዕለት በአንበሳ የሚፈተን ከእኛ ማን አለ? ሥጋና ወተት መተውንም ለምደነዋል። ወደ እኛ የሚመጣው ቁራው ነው። በዓል ነው ብሎ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መቅመስ፥ መንገደኛ ነኝ ብሎ ጠላ መደጋገም፥ የጾሙን ወጥ ከፍስኩ አስበልጦ ማጣፈጥ፥ አፍን ከሥጋ ከልክሎ ባልንጀራን በሐሜት መብላት፥ እነዚህ ለየብቻቸው ቀላል ይመስላሉ፤ ዳሩ ግን 55ቱን ቀን አንድ በአንድ ለቅመው ይጨርሱታል።

የጻድቁን ተጋድሎ የሚችል ከእኛ መካከል የለም። ወፏን ማጠጣት ግን ለሁላችን የተሰጠ ነው። እርሳቸው ለራሳቸው ውሃና እህል ትተው ሳለ ለሌላው ጥም አልጨከኑም፤ በባሕር ውስጥ የቆሙትም ስለ ሕዝብ ነበረ። እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ ከመሶባችን ያስቀረነው እንጀራ በደጀ ሰላም ለተቀመጠው ነዳይ ይድረስ። ድርሻው ለተራበ ወገን የተሰጠ ጉርሻ እጃችንን ተመልሶ አይፈትነውምና፥ ታናሹን ፈተና ድል የምናደርግበት መንገድ ይህ ነው።

የጻድቁ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።