የሕሙማን ምስጋና እና ወይዘሮ ሜሪ ሲኮል (1805 – 1881)

የታመመ ሰው ድኖ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሐኪሙን በስሙ ያስታውሳል። ሌሊቱን ከራስጌው ሳትለይ ያደረችውን፣ ቁስሉን ያጠበችለትንና ከንፈሩ ሲደርቅ ውኃ ያጠጣችውን አስታማሚ ግን ብዙውን ጊዜ በፊቷና በድምፅዋ እንጂ በስሟ አያውቃትም። ምስጋናውም ከእርሱ ጋር ይኖራል፤ ከእርሱም ጋር ይቀበራል። እንዲህ ያለው ምስጋና ምን ያህል ኃይል እንዳለውና ኃይሉ የት ላይ እንደሚያበቃ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የጃማይካዊቷን የወይዘሮ ሜሪ ሲኮልን ሕይወት ቢመረምር ይጠቀማል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ ሜሪ በ1805 ዓ.ም. በጃማይካ ደሴት፣ በኪንግስተን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የስኮትላንድ ተወላጅ የሆኑ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ሲሆኑ፣ እናታቸው ደግሞ ነፃ ጥቁር ሴት ነበሩ። በዚያን ዘመን ከደሴቲቱ ጥቁር ሕዝብ የሚበዛው ገና በባርነት ቀንበር ሥር ይማቅቅ ነበር። እናቲቱ በከተማው ውስጥ ብላንዴል ሆል የተባለ የእንግዳ ማረፊያ ያስተዳድሩ ነበር፤ በአገር መድኃኒት ዐዋቂነታቸውም የታወቁ ስለ ነበሩ፣ የሐሩር አገር በሽታ የጣላቸው መኮንኖችና መርከበኞች ወደ እርሳቸው እየመጡ ይታከሙ ነበር። ልጃቸው ሜሪም የእናታቸውን ሥራ እያዩ አደጉ። በመጀመሪያ አሻንጉሊታቸውን፣ ቀጥሎም የቤቱን ውሻና ድመት እንደ ሕሙማን እያስተኙ በማከም ይጫወቱ ነበር። ጥቂት ከፍ ሲሉ ግን ጨዋታው ቀርቶ እናታቸውን በእውነተኛ ሕሙማን አልጋ አጠገብ መርዳት ጀመሩ። ትምህርት ቤታቸው ይኸው ነበር፤ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ የነርስነት ትምህርት በሥርዓት የሚሰጥበት ስፍራ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና።

በ1836 ዓ.ም. ኤድዊን ሲኮል የተባሉ ሰው አገቡ። ባለቤታቸው ጤና የራቃቸው ሰው ስለ ነበሩ የትዳሩ ዘመን በማስታመም አለፈ፤ በ1844 ዓ.ም.ም ሞቱ። ብዙም ሳይቆይ እናታቸው ተከተሉ። ወይዘሮ ሜሪ ኀዘናቸውን በሥራ ረሱ። በ1850 ዓ.ም. የኮሌራ ወረርሽኝ በጃማይካ ገብቶ ከ30,000 በላይ ሕዝብ እንደ ጨረሰ ይገመታል። በዚያ መቅሠፍት መካከል የበሽታውን አካሄድ ከቅርብ ተመለከቱ፤ የቻሉትንም ያህል ረዱ።

በሚቀጥለው ዓመት ወንድማቸው ሆቴል ወዳቋቋመበት ወደ ፓናማ፣ ክሩሴስ ወደምትባል የወንዝ ዳር መንደር ተጓዙ። ክሩሴስ ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ የሚጎርፈው መንገደኛ የሚተላለፍባት፣ ጭቃና ሕዝብ የተጨናነቀባት ስፍራ ነበረች። እርሳቸው በደረሱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ኮሌራ ተነሣ። በአካባቢው ብቁ ሐኪም ስላልነበረ ሸክሙ ሁሉ በእርሳቸው ላይ ወደቀ። ከባለጠጋው ዋጋቸውን ሲቀበሉ ድኻውን በነፃ አከሙ። በመጨረሻ በሽታው ራሳቸውን ያዛቸው፤ ግን ዳኑ።

በክሩሴስ ያገኙት ምስጋና ግን እሾኽ ነበረበት። በአንድ የአሜሪካውያን በዓል ግብዣ ላይ አንድ ተናጋሪ ተነሥቶ በኮሌራው ጊዜ ስለ ሠሩት ሥራ አመሰገናቸው፤ ወዲያውም ቆዳቸውን ማንጣት ቢቻል ኖሮ በማናቸውም የተከበረ ጉባኤ ሊቀመጡ እንደሚገባ በማዘን ዓይነት ተናገረ። ወይዘሮ ሜሪ ዝም ብለው አላለፉትም። ተነሥተው ስለ መልካም አሳቡ ካመሰገኑ በኋላ፣ መልካቸው ከማንም ጥቁር ሰው የባሰ ቢጠቁር እንኳ ደስታቸው እንደማይቀንስ፣ በቆዳ ንጣት ከሚገኝ ማኅበርም እንደማይሹ አስረድተው ተቀመጡ። ሕይወቱን ያተረፉለት ሰው እንኳ ሙሉ ሰው አድርጎ ሊያያቸው እንደሚቸገር በዚያች ማታ ተረዱ።

ከዚህ የተለየውን ምስጋና ያገኙት በ1853 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ቢጫ ወባ በጃማይካ ተነሥቶ የእንግሊዝን ወታደሮች ይፈጅ ጀመር። የጦሩ የሕክምና ባለሥልጣኖች በኪንግስተን አጠገብ ላለው ለአፕ ፓርክ የጦር ሰፈር አስታማሚዎች እንዲያዘጋጁ ወይዘሮ ሜሪን ለመኗቸው። የራሳቸውም ቤት በሕሙማን ተሞላ። ከሕሙማኑ መካከል አንድ ወጣት የጦር ሐኪም ነበር። ወይዘሮ ሜሪ ልጄ እያሉ ይጠሩት ነበር፤ እርሱም እናቱን እየናፈቀ፣ ራሱን በደረታቸው ላይ እንዳስደገፈ ነፍሱ ወጣች። ከጥቂት ወራት በኋላ የሟቹ እናት የልጃቸው ፀጉር በውስጡ ያለበት ትንሽ የወርቅ የደረት ጌጥ ከምስጋና ደብዳቤ ጋር ላኩላቸው። ልጁ አልዳነም፤ ነገር ግን ብቻውን አልሞተም። ያችን ጌጥ ወይዘሮ ሜሪ በምንም ዋጋ የማይለውጧት ንብረት አድርገው ያዟት።

በዚያው ጊዜ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ቱርክ ከሩሲያ ጋር በክሪምያ ምድር ይዋጉ ነበር፤ ወደ በኋላም ሰርዲንያ አብራቸው ተሰለፈች። በጃማይካ ያከሟቸው የጦር ክፍሎች ወደዚያ መዝመታቸውንና ቁስለኛውና በሽተኛው አስታማሚ አጥቶ መሠቃየቱን የሰሙት ወይዘሮ ሜሪ በ1854 ዓ.ም. መኸር ለንደን ውስጥ ሆነው አገልግሎታቸውን ለማቅረብ ተነሡ። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከ38 ሴቶች ጋር ቀደም ብለው ሄደው ነበር፤ ተጨማሪ አስታማሚዎችም ይፈለጉ ነበር። ወይዘሮ ሜሪ ከጦር ሚኒስቴር ወደ ሕክምና መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም አስታማሚዎችን ወደሚመርጡት ሰዎች ዘንድ ቢመላለሱ፣ ያደረጉት ሁሉ ፍሬ አላገኘም። የኮሌራና የቢጫ ወባ ልምዳቸው፣ የጦር ሐኪሞችም ምስክርነት በሩን አልከፈተላቸውም። የተከለከሉት በቆዳቸው መልክ ምክንያት እንደሆነ በመጠርጠር፣ እያመሸ በነበረው የለንደን ጎዳና ላይ ቆመው አለቀሱ።

ነገር ግን ተስፋ ቆርጠው አልተመለሱም። ቶማስ ዴይ ከተባሉ የባላቸው ዘመድ ጋር በንግድ ማኅበር ተስማምተው በራሳቸው ገንዘብ ዕቃ ሸምተው በጥር ወር 1855 ዓ.ም. በመርከብ ተሳፈሩ። ዓመቱ ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ በኢትዮጵያ ዘውድ የጫኑበት ዓመት ነበር። በመንገዳቸው በቁስጥንጥንያ ትይዩ ባለው በስኩታሪ የጦር ሆስፒታል ሲያልፉ፣ በአልጋ ላይ ከተኙት ቁስለኞች መካከል በኪንግስተን የሚያውቋቸው ወታደሮች ስማቸውን እየጠሩ ሰላምታ ሰጧቸው። ባለሥልጣኖቹ ያላወቁላቸውን ሙያ ሕሙማኑ ዐወቁላቸው። በዚያ ከናይቲንጌል ጋር በአጭሩ ተገናኙ፤ ሌሊቱንም ከሆስፒታሉ ልብስ አጣቢዎች ዘንድ አድረው ጉዟቸውን ቀጠሉ።

በባላክላቫ ወደብና በተከበበችው በሴባስቶፖል ከተማ መካከል፣ ከአሮጌ ሳንቃ፣ ከሣጥን ጣውላና ከቆርቆሮ አንድ ቤት አሠሩ፤ ስሙንም ብሪቲሽ ሆቴል አሉት። ቤቱ ምግብና መጠጥ፣ ልብስና ጫማ ይሸጥበት ነበር። ጧት ጧት ደግሞ ከአቅራቢያው ሰፈር ተቅማጥ፣ የጉበት ሕመምና የውርጭ ቁስል የያዛቸው ሰዎች እየመጡ ይሰለፉ ነበር። ገንዘብ የሌለው ሰው መድኃኒቱንም ሾርባውንም ያለ ዋጋ ይወስድ ነበር። በወደቡም ላይ ወደ ሆስፒታል መርከብ እስኪጫኑ ድረስ በብርድ ለሚጠብቁ ቁስለኞች ሻይ ያጠጡ፣ የላላውን ጨርቅ መልሰው ያስሩ ነበር። ወታደሩ ሁሉ እናት ሲኮል ይላቸው ጀመር።

ውጊያ ባለበት ቀን ወይዘሮ ሜሪ ጨርቅና መርፌ፣ መድኃኒትና ምግብ በበቅሎ አስጭነው ወደ ጦር ሜዳው ይወጡ ነበር። ነሐሴ 16 ቀን 1855 ዓ.ም. በቸርናያ ወንዝ ላይ ከተደረገው ጦርነት በኋላ ፈረንሳዊውንም ጣልያናዊውንም ሩሲያዊውንም ሳይለዩ ረዱ። መንጋጋው የተመታ አንድ ሩሲያዊ ጥይቱን ሊያወጡለት ጣታቸውን ወደ አፉ ሲያስገቡ፣ በሞት ጣር ነክሶ ያዛቸው፤ ጠባሳው ዕድሜ ልካቸውን ከጣታቸው አልጠፋም። ሌላ ሩሲያዊ መኮንን ደግሞ ወደ ቁስለኛ መጫኛው ጋሪ ሲያነሡት ከጣቱ ቀለበት አውልቆ በእጃቸው አኖረና እጃቸውን ሳመ። ቋንቋውን አያውቁም ነበር፤ ምስጋናውን ለመረዳት ግን ቋንቋ አላስፈለጋቸውም።

እውነቱን ሙሉ ለመናገር፣ ከሚሰጧቸው መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ዛሬ የሚነቀፉ ናቸው። በኮሌራ ጊዜ ሜርኩሪና እርሳስ ያለባቸውን መድኃኒቶች ይጠቀሙ ነበር፤ ይህም የዘመኑ የብዙ ሐኪሞች ልማድ ነበር። ቀረፋ የተፈላበት ውኃ ደጋግመው ማጠጣታቸው ግን ዛሬም ትክክል ነው፤ የኮሌራ በሽተኛን የሚገድለው ከሰውነቱ የሚያልቀው ፈሳሽ ነውና። ኑሯቸው የነጋዴ ኑሮ ስለ ነበረም ነርስ ሊባሉ አይገባም የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። በሆስፒታል ደመወዝ ተቀጥረው አለመሥራታቸው እውነት ነው፤ እንዲቀጠሩ ለምነው መከልከላቸውም እውነት ነው።

መጋቢት 1856 ዓ.ም. የሰላም ውል ሲፈረም ጦሩ በድንገት ወደ አገሩ ተመለሰ። የወይዘሮ ሜሪ ጎተራ ገዢ ባጣ ዕቃ እንደ ተሞላ ቀረ፤ በዱቤ የወሰዱትም ብዙዎች ነበሩ። ለንደን ሲደርሱ እጃቸው ባዶ ነበር፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ጉዳያቸው በኪሣራ ፍርድ ቤት ታየ። በዚህን ጊዜ ያከሟቸው ሰዎች ተነሡ። መኮንኖችና ወታደሮች ለጋዜጦች እየጻፉ ውለታቸውን መሰከሩ፤ የገንዘብ መዋጮም ተጀመረ። በሐምሌ ወር 1857 ዓ.ም. በለንደን በሮያል ሰሪ ጋርደንስ ለእርሳቸው መርጃ በተዘጋጀውና 4 ቀን በቆየው የሙዚቃ በዓል ላይ ከ1,000 በላይ ሙዚቀኞች ተሰለፉ፤ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብም ተሰበሰበ። ነገር ግን ወጪው ከባድ ነበረ፤ የአትክልት ስፍራው ኩባንያም ወዲያው ከሠረ። ለወይዘሮ ሜሪ የደረሳቸው 57 ፓውንድ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የሕይወት ታሪካቸውን በመጽሐፍ አሳተሙ፤ ኑሯቸውንም በዚያ ደገፉ።

በ1867 ዓ.ም. መዋጮው እንደ ገና ታድሶ ከንጉሣዊው ቤተ ሰብ ጭምር ድጋፍ ስላገኘ የመጨረሻ ዘመናቸውን ያለ ችግር አሳለፉ። በክሪምያ ደንበኛቸው የነበሩት መስፍን ግላይኽን በ1871 ዓ.ም. ምስላቸውን ቀረጹላቸው። ወይዘሮ ሜሪ ግንቦት 14 ቀን 1881 ዓ.ም. በለንደን ዐርፈው በኬንሰል ግሪን የካቶሊክ መቃብር ተቀበሩ።

ከዚያ በኋላ የክሪምያ ወታደሮች አንድ በአንድ አለቁ። ከእነርሱም ጋር ምስጋናው ዐለቀ። መጽሐፉ ከገበያ ጠፋ፤ መቃብሩም ሣር በላው። የአርባ ሺሕ ሰው ጭብጨባ አንድ ትውልድ እንኳ ሊሻገር አልቻለም።

ስማቸውን ከዚያ ያነሡት የሙያ ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ1954 ዓ.ም. የጃማይካ የሠለጠኑ ነርሶች ማኅበር ዋና ጽሕፈት ቤቱን በስማቸው ሰየመ። በኪንግስተን የሕዝብ ሆስፒታልም አንድ የሕሙማን ክፍል ስማቸውን ያዘ። በ1973 ዓ.ም. የነርሶች መታሰቢያ ድርጅት በለንደን ከሚኖሩ የጃማይካ ሴቶች ማኅበር ጋር ተባብሮ መቃብራቸውን አሳደሰ። መጽሐፋቸው በ1984 ዓ.ም. እንደ ገና ታተመ፤ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.ም በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ግቢ ሐውልታቸው ቆመ። ይህ ሆስፒታል ናይቲንጌል በ1860 ዓ.ም. የነርሶች ትምህርት ቤታቸውን የከፈቱበት ሆስፒታል ነው። በ1854 ዓ.ም. ከበር የተመለሱት ሴት ከ162 ዓመት በኋላ በዚህ ግቢ ገቡ።

ሕሙማን ወይዘሮ ሜሪን ያመሰገኑት በቀለበት፣ በወርቅ ጌጥና በመዋጮ ነው፤ የቻሉትን ሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሚጠበቅባቸውም አልነበረም። ያስታመመን ሰው ስም ከመቃብር አፍ መመለስ ግን የሕሙማን ሥራ አይደለም። ያንን የጃማይካ ነርሶች ማኅበር የራሱ ሥራ አድርጎ ያዘው፤ በየአገሩ ባሉት የሕሙማን ክፍሎችም ስማቸው ያልተጻፈላቸው ብዙዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ።